የእማዬን እጅ ወደ ጀበናው የሚመልስልኝ ባለሙያ የት አገኛለሁ?

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ መታት። የተጎዳው ቀኝ ጎኗ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን በከዘራ ትራመዳለች። እጇ ግን እንዳለ ነው። ጣቶቿን ትጨብጣለች፣ መክፈት ግን ያቅታታል። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ለፊዚዮቴራፒ መመላለሱ ከብዶን አቆምን። የመጨረሻው ቀን ፊዚዮዋ ‹ለእጃቸው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ብትፈልጊላቸው ጥሩ ነው› አለችኝ። ይኸው ሁለት ወር ሙሉ ስፈልግ ከረምኩ። አንዱ ‹የሙያ ማሠልጠኛ ነው› ይለኛል፣ ሌላው ‹ማሳጅ ነው› ይለኛል። ጠበልም እየወሰድናት ነው። ባለፈው እሑድ ጀበናዋን አነሳለሁ ብላ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ቡና የሚባል ነገር አታነሣም። ጎረቤት ሲጠራትም አትሄድም። እኔ ሥራ ውዬ ማታ እገባለሁ፣ ሁሉንም የማደርግላት እኔ ነኝ። የት ልሂድ?
ልጇ ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ»

እኅቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርልሽ። አንቺንም ያበርታሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የምቆመው የተሰበረው ጀበና ላይ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው፣ ምክንያቱም ግማሹ ልፋትሽ ከስሙ የመጣ ነው። ‹ኦኩፔሽን› ሲተረጎም ሥራ ወይም ሙያ ይሆናል። ስለዚህ ሰው የሙያ ማሠልጠኛ ቢመስለው አይፈረድበትም። እዚህ ላይ ግን ሥራ ማለት ደሞዝ የሚከፈልበት ብቻ አይደለም። ሰው ከነቃበት እስኪተኛ ድረስ የሚያደርገው ሁሉ ነው። ፊት መታጠብ፣ ቀሚስ መልበስ፣ እንጀራ መቁረስ፣ ሻሽ ማሰር፣ ማማተብ፣ ቡና ማፍላት። በአሜሪካ የሙያው ማኅበር የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1917 ነው። ብዙም ሳይቆይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ወደ ኑሯቸው በመመለስ ሥራ ላይ ዋለ።

ከፊዚዮቴራፒ የሚለየውን በአጭሩ ልንገርሽ። ፊዚዮዋ እናትሽን ከአልጋ አንሥታ ማድ ቤት ድረስ ታደርሳቸዋለች። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ ደግሞ ማድ ቤት ከደረሱ በኋላ ያለውን ትይዛለች። ክዳኑን እንዴት ይክፈቱ? ሽንኩርቱን በአንድ እጅ እንዴት ይክተፉ? ደካማው እጅ ምን ድርሻ ይኑረው? ቤቱስ ምኑ ይስተካከል? ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም። ስለዚህ ያቆማችሁትን ፊዚዮቴራፒ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ እንዲሆንላችሁ ጠይቂ። ጨርሶ ከመቅረት በጣም ይሻላል።

ሁለት ወር ፈልገሽ ያጣሽው ሰነፍ ሆነሽ አይደለም። ሙያው አገራችን ውስጥ ገና ልጅ ነው። የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ ትምህርት የከፈተው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር። ፊዚዮቴራፒስት እንደምናገኘው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት በየሆስፒታሉ አይገኝም። ስለዚህ የምትፈልጊው ሕንፃና ታፔላ ሳይሆን ሰው ነው። ሰው ደግሞ የሚገኘው በሰው ነው።

እኔ ብሆን በዚህ መንገድ እሄድ ነበር።

የጤና መድን ካላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያችሁ ሂጂ። መድኑ የሚሠራው ሪፈሩን ተከትሎ ነው። ዘለሽ ትልቅ ሆስፒታል ከሄድሽ ከኪስሽ ትከፍያለሽ። እዚያው ስለ ቤተሰብ ጤና ቡድን ጠይቂ፣ ከቤት መውጣት ለከበደው ሰው ቤት ድረስ የሚመጡት እነሱ ናቸው። ግፊታቸውን ይለኩላቸዋል፣ መድኃኒታቸውን ያያሉ። ከጤና ጣቢያ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቢጽፉልሽ ለእናንተ ቅርብ ነው። ሐኪሙ ሲጽፍ አንድ ነገር ለምኚው። ወረቀቱ ላይ ‹ፊዚዮቴራፒ› ብቻ ብሎ እንዳያበቃ። ‹የቀኝ እጅ ድክመት፣ የዕለት ተዕለት ተግባር ግምገማ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒ› ብሎ ይጻፍ። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር መስኮት ላይ ሲደርስ ይጠፋል።

ከዚያ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተላካችሁ፣ ስትደርሺ መረጃ ክፍል አትጠይቂ። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ግቢና እዚያ ያሉትን ባለሙያዎች ጠይቂ። አጠያየቁም ለውጥ አለው። ‹ኦኩፔሽናል ቴራፒ አለ?› ብትይ ‹የለም› ሊሉሽ ይችላሉ፣ ወሬውም እዚያው ያልቃል። ‹ስትሮክ የያዘው ሰው እጅ ላይ የሚሠራ፣ ልብስ መልበስና ማብሰል የሚያለማምድ ማን ታውቃላችሁ?› ብለሽ ጠይቂ። ያን ጊዜ ስልክ ቁጥር ይመጣል። አለርትንም አትለፊው። ዘነበወርቅ ያለው አለርት የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1965 ነው፣ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎችን ለማከምና ለማቋቋም። የደነዘዘ እጅ ከእሳትና ከስለት እንዴት እንደሚጠበቅ ለዓመታት ያስተማረ ቤት ነው። ከእናንተ ሰፈር ደግሞ በቃሊቲ በኩል ቀለበት መንገዱን ይዞ ይደረሳል፣ መሐል ከተማ መግባት የለበትም።

ሌላው መንገድ የማይጠበቅ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምታሳድግ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ካለችሽ ጠይቂያት። ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚለውን ቃል እነዚህ ወላጆች ከእኛ ቀድመው ለምደውታል። እንደ ጆይና ነህምያ ባሉ የኦቲዝም ማዕከላት ዙሪያ ያሉ እናቶች ባለሙያ ፍለጋ ብዙ ለፍተዋል፣ የማን ስልክ የት እንዳለ ያውቃሉ። የምታገኚው ባለሙያ የሚሠራው ከሕፃናት ጋር ቢሆን እንኳ ስልኩን አትዝጊ። ከአዋቂ ጋር የምትሠራ የክፍል ጓደኛ እንዳለችው ጠይቂው። ጥቂት ናቸው፣ ይተዋወቃሉ።

ስታገኚ ደግሞ ተጠንቀቂ። በዚህ በኩል እኛ ዋጋ ከፍለናል።

እቴቴ፣ የእናቴ ታናሽ እኅት፣ የዛሬ ጥቂት ዓመት እንደ እናትሽ ቀኝ ጎኗ ፓራላይዝ ሆነ። አንድ ቤት ሄድን፣ ‹በአሥራ አምስት ቀን እጇን እንመልሳለን› አሉን። በየቀኑ አንድ ሰዓት ዘይት ቀብተው ያሹታል፣ ጣቶቿን በኃይል ይዘረጋሉ። ታለቅሳለች። እኛ ‹ካልታመመ አይድንም› እያልን እናባብላታለን። ብሩም አለቀ፣ ትከሻዋም ታመመ። የትከሻዋን ሕመም ግን በእነሱ ብቻ አላሳብብም። እቤትም ከወንበር ስትነሣ በደካማ እጇ ጎትተን ነበር የምናነሣት። ስትሮክ ያገኘው ትከሻ ጡንቻው ስለሚላላ መጎተት አይወድም። ይህንን የነገረን አልነበረም። ሌሊት በሕመም ስትቃትት እሰማት ነበር፣ አሁንም ሳስታውሰው ይቆጨኛል።

በኋላ በሰው በሰው አንዲት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት አገኘን። ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ልዩነቱ የገባኝ። ስትገባ የእቴቴን እጅ አልነካችም። አጠገቧ ተቀመጠችና «እማማ፣ ከመታመምዎ በፊት ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?» አለቻት። እቴቴ «ሻይ እጥዳለሁ» አለች። «እስኪ ዛሬም ይጣዱልኝ» አለቻትና ማድ ቤት ተከትላት ገብታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ዝም ብላ ታያለች። እቴቴ በግራ እጇ ውኃውን ቀዳች፣ ጣደች። የስኳር ጣሳው ላይ ስትደርስ ቆመች። ክዳኑን ስታዞር ጣሳውም አብሮ ይዞራል። የሚይዝላት ሁለተኛ እጅ የለም። እኔ ልከፍትላት እጄን ስዘረጋ ቴራፒስቷ በዓይኗ ከለከለችኝ። የዕቃ ማጠቢያውን ጨርቅ አርጥባ ጨምቃ፣ አጥፋ ጣሳው ሥር አደረገችው። የእቴቴን ደካማ እጅ ደግሞ በቀስታ አንሥታ ጣሳውን አቅፎ እንዲደገፍ አስቀመጠችው። «አሁን ያዙሩት።» ጣሳው አልተንቀሳቀሰም። ክዳኑ ተከፈተ።

እቴቴ ከታመመች ጀምሮ ቀኝ እጇ አንድ ነገር ሲሠራ ያየነው ያን ቀን ነው። አላነሣም፣ አልጨበጠም፣ ተደገፈ ብቻ። ግን ሥራ ነበረው።

እንግዲህ ባለሙያ ስትመርጪ ይህንን አስቢ። ስለ እናትሽ ኑሮ ሳይጠይቅ እጅ መሳብ የሚጀምር አይሆንሽም። ቀን ቆርጦ ‹እመልሰዋለሁ› የሚልም አይሆንሽም፣ የነርቭ ጉዳት ቀጠሮ አይሰጥም። የሙያ ፈቃዱን እንዲያሳይሽ ጠይቂ፣ ጨዋ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። ስትሮክ ካለበት አዋቂ ጋር ሠርቶ እንደሆነ፣ ቤት መጥቶ ማየት ይችል እንደሆነ፣ በመካከል የቤት ሥራ ይሰጥ እንደሆነ፣ ክፍያውም ስንት እንደሆነ በስልክ ጨርሺ። መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ ወደ ቱሉ ዲምቱ በየሳምንቱ መምጣት ካቃተው አንድ ቀን መጥቶ ቤቱን ይይ። ከዚያ በኋላ እናትሽ ልምምዱን ሲሠሩ አንቺ በስልክሽ ቀርጸሽ በቴሌግራም ላኪለት፣ እሱም እያየ ያርምሽ። ባለሙያ ጥቂት በሆነበት አገር ይህ በጣም ያዋጣል።

እስከዚያ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ከስትሮክ በኋላ ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ነው። እናትሽ አምስተኛው ላይ ናቸው። ይህን የምነግርሽ ላስደነግጥሽ አይደለም። ከስድስት ወር በኋላም በልምምድ የሚገኝ ነገር ብዙ ነው። ጊዜው ግን ዛሬ እንድትጀምሪ ይጋብዛል።

ሲነሡ በእጃቸውም በብብታቸውም አታንሻቸው። መቀነት ይታጠቁ፣ አንቺ ወገባቸው ላይ መቀነቱን ያዢ። ሲቀመጡ ደካማው እጅ ተንጠልጥሎ አይቅር፣ ትራስ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ልብስ ሲለብሱ መጀመሪያ የሚገባው ደካማው እጅ ነው፣ ሲያወልቁ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው። ተቀምጠው ይልበሱ። ይህን ብቻ ከለመዱ ጠዋት ጠዋት ያንቺ እጅ ብዙ ያርፋል። ደረጃው ላይ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ደካማው። አንቺ ሁልጊዜ ከእሳቸው በታች በኩል ሁኚ።

መታጠቢያ ቤት እግሩ የማይንሸራተት ፕላስቲክ ወንበር አስገቢ። መያዣ ብረት ብታስበይጅ መልካም ነው፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ብየዳ ቤት አይጠፋም። ግን ልብ በይ፣ የኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት ነው። በተራ ብሎን የታሰረ መያዣ ሰው ሲደገፈው ተነቅሎ ይመጣል። ወይ ግድግዳውን አልፎ በወዲያ በኩል በሳህን ብረት ይታሰር፣ ወይ ወለል ላይ የሚቆም ይሁን።

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ። እናትሽ በግራ እጃቸው መብላት እንደሚያፍሩ እገምታለሁ። እኛ ዘንድ ነውር ተብሎ አድገናል። ስለዚህ አንቺ ታጎርሻቸዋለሽ፣ እሳቸውም ዝም ብለው ይጎርሳሉ። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ሙሉ ማዕድ በጉርሻ ሲሆን ግን ሰውን ሕፃን ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጉርሻዎች በራሳቸው ቀኝ ይሞክሩ። እንጀራውን ጠቅልለሽ ቁረጪላቸው፣ ጥቅሉ ለመያዝ ይቀላል። ሲደክማቸው በግራቸው ይቀጥሉ፣ ቀኙ ግን ገበታው ላይ ትሪውን ይዞ ይቆይ እንጂ ጭናቸው ላይ አይጣል። በግራ መብላታቸው ነውር እንዳልሆነ ከሌላ ሰው ይልቅ ካንቺ ቢሰሙት ይቀላቸዋል።

ጠበሉን ቀጥሉ። የግፊት መድኃኒታቸው ግን ለአንድ ቀንም እንዳይቋረጥ። ፊታቸው ድንገት ከተጣመመ፣ ንግግራቸው ከተሳሰረ፣ ወይም አዲስ ድክመት ካየሽ ‹ነገ እናያለን› አይባልም። ወዲያው ሆስፒታል ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ወደ ጀበናው ልመለስ።

እናትሽ የተዉት ቡና ብቻ አይመስለኝም። የጎረቤት ጥሪ ሲመጣ አለመሄዳቸውን ጽፈሻል። ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ድባቴ ይይዘዋል። እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ካስጠላቸው፣ ለብቻቸው የሚያለቅሱ ከሆነ ለሐኪማቸው ንገሪው፣ ይህም ይታከማል። ግን ጀበና ከእጅ ሲወድቅ ሰው ፊት ምን እንደሚሰማ አስቢው። ስንት ዓመት እንግዳ ያስተናገዱበት እጅ ነው። አንቺ ‹ተይው እማዬ፣ እኔ አፈላለሁ› ብለሻቸው ይሆናል፣ በፍቅር። እኔም ለእቴቴ እንደዚያ ብያታለሁ።

ቡና ማፍላት አንድ ሥራ አይደለም፣ ብዙ ትናንሽ ሥራዎች ነው። ሁሉንም ባይችሉ አንዱን ይችላሉ። ቡና ለቀማውን ለእሳቸው ተዪላቸው። ጥሬውን ሰፌድ ላይ አፍሺና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪላቸው። በግራቸው ሳይሆን በቀኝ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣታቸው አንድ አንድ ፍሬ ወደ ሲኒ ይልቀሙ። መልቀሙ ባይሆንላቸው እንኳ በቀኝ መዳፋቸው እየገፉ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ያምጡት። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጣት መክፈት ላቃተው ሰው ይህ ጥሩ ልምምድ ነው፣ ደግሞም ልምምድ አይመስልም። መውቀጡ ይቅር፣ ይፈጭ። ከሰል ምድጃው ለጊዜው ይቆይ፣ መሬት ላይ ነው፣ መጎንበስ ይጠይቃል፣ የደነዘዘ እጅ ደግሞ ሲቃጠል አያውቀውም። ቁመታቸው የሚደርስ ጠረጴዛ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን፣ አንቺ ባለሽበት። ረከቦቱም ከመሬት ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፣ ሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይደረግ።

አዲስ ጀበና ግዢላቸው፣ አነስ ያለ። የመጀመሪያውን ሳምንት ቀዝቃዛ ውኃ እስከ ግማሹ ሞልተሽ በግራቸው ወደ ሲኒ ይቅዱበት። ቀኝ እጃቸው ረከቦቱን ይያዝ። ቢፈስ ውኃ ነው። ሲለምዱት የፈላውን ይቀዳሉ። ያን ቀን ጎረቤት አትጥሪ፣ ሁለታችሁ ብቻ ጠጡት። ጎረቤት መቼ እንደሚጠራ እሳቸው ይንገሩሽ።

ለሐኪም ቀጠሮ ስትወጡ ረፋድ ላይ እንዲሆን ለምኚ። የጠዋቱ የቃሊቲ ግፊያ ለእሳቸው አይሆንም፣ ባቡሩም በዚያ ሰዓት መያዣ አያስገኝም። ራይድ ስትጠሪ መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተው መቀመጫው ላይ ይቀመጡ፣ እግራቸው ኋላ ይግባ።

በዚህ መካከል የባለሙያው ስልክ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። ስትሄጂ የሕክምና ወረቀታቸውንና መድኃኒታቸውን ያዢ። አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ደግሞ እናትሽ ራሳቸው ‹ይህን ማድረግ እፈልጋለሁ› ያሉትን ሦስት ነገር ጻፊ፣ አንቺ የምትፈልጊውን ሳይሆን እሳቸው ያሉትን። ከሦስቱ አንዱ ምን እንደሚሆን እኔ ከወዲሁ የማውቅ ይመስለኛል። ስለዚህ አዲሱን ጀበና በፎጣ ጠቅልለሽ ዘንቢል ውስጥ አድርጊና ይዘሽው ሂጂ።